ከኬኩ በስተግራ

ይድነቃቸው እንጀራውን የሚበላው በባዕድ አገር፣ ትሩጋኒና በሚባል የከተማ ዳር ሰፈር ካሉት ትላልቅ መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና እየነዳ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቶ ቀን በስምንት ሰዓት ይወጣል። በሐበሻው ዘንድ ግን ፎርክሊፍቱን የሚያነሳበት የለም፤ ስሙ «ቪዲዮው ይድነቃቸው» ነው። ከሜልተን እስከ ፉትስክሬ የዳረ፣ ክርስትና ያስነሳ፣ ልጁን ያስመረቀ ሰው ቤት ውስጥ የእሱ እጅ ያለበት ካሴት ወይም ዲስክ አይጠፋም።

በፈረንጆቹ 2013 ሥራ በዛበት። በዓመቱ መጨረሻ የድሮው የቴሌቪዥን ስርጭት ይዘጋል ስለተባለ ሰው ሁሉ ሰፋፊውን ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይገዛ ጀመር። ገዝቶም መጀመሪያ የሚከፍተው የሰርጉን ቪዲዮ ነው። ሲከፍተው ይደነግጣል። ሙሽሪት ጉንጯ አብጦ፣ ሚዜዎቹ ወደ ጎን ተለጥጠው፣ ቄሱ ጉርድ በርሜል መስለው ይመጣሉ። የድሮው ምስል እንደ መስኮት አራት ማዕዘን ነበር፤ አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ የተጋደመ በር ነው። መስኮቱን በበሩ ልክ ልለጥጥህ ካሉት ሰው ሁሉ ይወፍራል። ቅርጹን ሳትነካ አሳድገህ ሙላው ካሉ ከላይ ጭንቅላት፣ ከታች እግር ይቆረጣል። እንዳለ ልተወው ቢሉ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆንና ባለቤቱ «ምነው አላለቀም እንዴ?» ይላል።

ይድነቃቸው የድሮ ፕሮጀክቶቹን ከኮምፒውተር እየከፈተ፣ ጎደሎውን ከካሴቱ እንደገና እየቀዳ፣ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው ከፍ ዝቅ እያደረገ የሰው ፊት ሳይጎዳ ወደ ሰፊውና ጥራት ወዳለው ኤችዲ ይቀይራል። ትዕግሥት የሚፈጅ ሥራ ነው። እሱ ደግሞ ትዕግሥት አላጣም።

በመስከረም መጨረሻ ፀደንያ ወልዴ መጣች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሰርጓን የቀረጸው እሱ ነው፤ ቤተሰቡን ያውቀዋል። አባቷ ጋሼ ወልዴ በማኅበረሰቡ የተከበሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ነበሩ፤ ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እናቷ እትዬ በለጥሻቸው ሜድስቶን ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል።

«እማዬ ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው» አለችው ፀደንያ። «ትልቁን ቲቪ ገዝተንላት ነበር። የሰርጌን ቪዲዮ ስትከፍተው ‹እነዚህ የማን ዘመዶች ናቸው?› አላለችም! አባባን እንኳ መለየት አቃታት። ጋሼ፣ በአዲስ መልክ ሥራልኝና ሰርፕራይዝ ላድርጋት።»

«የአንቺማ ቀላል ነው» አላት ይድነቃቸው። «ያኔ አዲስ ካሜራ ገዝቼ፣ ሰፊውን የምታነሳዋን ቁልፍ ተጭኜ ነበር የቀረጽኩሽ። በጊዜው ማንም ሰፊ ቴሌቪዥን ስላልነበረው ግራና ቀኙን ቆርጬ ሰጠኋችሁ እንጂ፣ ካሴቱ ላይ ሙሉው አለ። መልሼ መክፈት ብቻ ነው።»

ፀደንያ ደስ አላት። ግራና ቀኙ ላይ ምን እንዳለ አልጠየቀችም። እሱም አላሰበበትም።

እንዴትስ ያስብበታል? ያኔ የቆረጠው አይቶ አልነበረም። ሰርጉን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ፣ ገና ማቀናበር ሳይጀምር፣ በአንድ ትዕዛዝ ከግራ አንድ ስምንተኛ ከቀኝ አንድ ስምንተኛ ቀነሰለት። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የደከመው በመሀሉ ላይ ነበር። ጠርዙን አንድ ቀንም አላየው።

ቅዳሜ ጠዋት የመኝታ ክፍል ከምታክለው የሥራ ክፍሉ ገብቶ ካሴቶቹን ከጫማ ካርቶን አወጣ። ባለቤቱ እስከዳር ከጓዳ ሬዲዮ ከፍታ ልብስ ታጥፋለች። የቤተ ክርስቲያኑ ሥነ ሥርዓት ሲሰፋ አማረበት፤ ተቆርጠው የነበሩት ዲያቆናት ተመለሱ። አዳራሹም ተከፈተ፤ በአንድ በኩል የምግቡ ጠረጴዛ፣ በሌላው የሕፃናት ግርግር። ይድነቃቸው በገዛ እጁ ሥራ ተደሰተ፤ «ወይ ጉድ፣ ይህን ሁሉ ነው እንዴ የጣልኩት!» እያለ ለብቻው ሳቀ።

ወደ ኬክ ቆረሳው ደረሰ።

በዚህ ቦታ ላይ በቤተሰቡ ውስጥ የታወቀ ጨዋታ ነበረ። ፀደንያ ቢላዋውን ከባሏ ጋር ይዛ ኬኩ ላይ ስታሳርፍ፣ በድንገት ዓይኗ ወደ ግራ ይሄድና ፈገግታዋ ይጠፋል፤ ከዚያ ተመልሳ ትቆርሳለች። ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር እንግዳው «ሙሽሪት ምን አየች?» ይላል። አንዱ ጫማዋ ጠቧት ነው ይላል፣ ሌላው ማስቲካ የሚያኝክ ሚዜ አይታ ነው ይላል። እትዬ በለጥሻቸው ብቻ አይስቁም። «ወንድሟን ፍለጋ ነው» ይላሉ፤ «እስከ መጨረሻው በር በሩን እያየች ስትጠብቀው ነበር። እሱ ግን ቀረ።»

ወንድሟ ባሮክ በእህቱ ሰርግ የቀረ ልጅ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሊን ከምትባል የቬትናም ልጅ ጋር ቤት ተከራይቶ መኖር በመጀመሩ አባቱ «በሥርዓት ሳታገባ ደጄን አትርገጥ» ብለውት ነበር። እናትየው ግን በድብቅ እየሄዱ ይጠይቁት ነበር፤ ለሰርጉም እንዲመጣ ለምነው ቃል አስገቡት። ባላቸው ሲጠራጠሩ በሽማግሌ ፊት «ልጄ ይመጣል፤ ካልመጣ እናቱ አይደለሁም!» ብለው ማሉ። አልመጣም ተባለ። እትዬ በለጥሻቸውም መሐላቸውን ጠበቁ። ባሮክ ሜልተን፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማትሞላ መንገድ ላይ፣ አግብቶ ወልዶ ይኖራል፤ እሳቸው የልጅ ልጃቸውን አያውቁም። በአባቱ ቀብር ከሰው ኋላ ቆሞ ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩበት።

እንግዲህ ይድነቃቸው ያን ምስል አሰፋው።

በግራ በኩል የአዳራሹ የጓዳ በር ብቅ አለ። በሩ ላይ ግራጫ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ በሪባን የታሰረ ትልቅ ሳጥን ያቀፈ ልጅ ቆሟል።

ይድነቃቸው እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ምስሉን አቁሞ ተጠጋ። ባሮክ ነው! ራሱ ባሮክ፣ ያ የማኅበሩ ኳስ ቡድን በረኛ፣ ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ክራቫት አስሮ።

አስቀጠለው። ጋሼ ወልዴ ከግራ መጡ። ሳይጣደፉ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ፈገግ ብለው፣ መዳፋቸውን የልጁ ደረት ላይ አሳረፉ። ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ነገሩት። የባሮክ ፊት ተለወጠ። አንገቱን በአባቱ ትከሻ ላይ አስግጎ አዳራሹን ማዶ ለማዶ ተመለከተ፤ የሆነ ሰው ፈለገና አገኘ፣ ዓይኑ እዚያው ተተከለ። አባቱ ሳጥኑን ተቀብለው ከስጦታው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጡት። ክንዱን ያዙ። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። አርባ አንድ ሴኮንድ።

ባሮክ ማንን ነበር ያየው? ይድነቃቸው ዓይኑን በልጁ ዓይን አቅጣጫ፣ በኬኩ ላይ አሻግሮ፣ ወደ ቀኙ ጠርዝ ወሰደው። እዚያ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እልል የሚሉ አንዲት ሴት አሉ። ቀሚሳቸውን አወቀው። እትዬ በለጥሻቸው ናቸው።

እናትና ልጅ በአንድ ምስል ውስጥ ነበሩ። አንዷ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ በመካከላቸው አንድ ኬክ። እሱ ሁለቱንም በአንድ ትዕዛዝ ቆርጦ ጥሏቸዋል።

«እስከዳር!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ እንግዳ ስለሆነባት የምታጥፈውን ፎጣ እንደያዘች ሮጠች።

ሦስት ጊዜ አየችው። «የሥላሴ ያለህ» አለች። «ይሄ ልጅ መጥቶ ነበር ማለት ነው?»

«መጥቶ ነበር።»

«አባትየው ደግሞ ማታውን ከኛ ጋር ተቀምጠው ‹ልጅ አልወለድኩም› እያሉ ሲያዝኑ አልነበር?»

ይድነቃቸው ያን ምሽት ያስታውሰዋል። ጋሼ ወልዴ እንባ ባቀረረ ዓይን «ተወኝ ልጄ፣ ልጅ አልወጣልኝም» ብለውት፣ እሱም ትከሻቸውን ጨብጦ አጽናንቷቸው ነበር።

«እኔ ምን አገባኝ» አለ። «የድሮውን ወስጄ ከላይና ከታች ልከርክመውና ልስጣቸው። ግራና ቀኙ እንደተቆረጠ ይቅር። ማንም አያውቅም።»

እስከዳር ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ያኔ የቆረጥከው ሳታውቅ ነው፤ ማንም አይፈርድብህም። አሁን ከቆረጥከው ግን አውቀህ ነው» አለችው።

በማግስቱ ፀደንያ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ወደ እነሱ ጎራ አለች። «አለቀ እንዴ?» እያለች ነጠላዋን እያጣፋች ገባች። ይድነቃቸው ምን ብሎ እንደሚጀምር ስላላወቀ ዝም ብሎ ወንበር ሰጣትና ከፈተው።

የራሷ ዓይን በማያ ገጹ ላይ ወደ ግራ ሲዞር፣ የአሁኗ ፀደንያም ወደ ግራ ዞረች። ከወንበሩ ብድግ አለች። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ይሄ... ይሄ ከየት መጣ?»

«ሁልጊዜም ነበር።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የምታለቅስ መስሎት ነበር፤ አላለቀሰችም፤ ስትገልጠው ከንፈሯ አመድ መስሏል። ይድነቃቸው ያን ጊዜ ገባው። መገረሟ ልጁ መምጣቱን በማወቋ አይደለም፤ ቪዲዮው ላይ በመታየቱ ነው።

«ታውቂ ነበር።»

«አይቼው ነበር» አለች። «ቢላዋውን እንደያዝኩ። ዓይን ለዓይን ነው የተገጣጠምነው። ከዚያ አባባ መጣ። ኬኩን ከቆረስን በኋላ ጠርቶኝ አስማለኝ። ‹የባልሽ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ ሳያገባ ሚስት ያስቀመጠ ልጅ ይዤ ፊታቸው አልቆምም። እናትሽ ከሰማች ሰርጉ ለቅሶ ይሆናል። ለፋሲካ እኔው ራሴ አስታርቃቸዋለሁ› አለኝ። ፋሲካ መጣ፣ ለገና አለኝ። ከዚያ ታመመ። ከሞተ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልናገር? ሙት ወቃሽ ልሁን?»

«ባሮክስ?»

«ስልኬን አያነሳም። እንዳየሁት ያውቃላ! አይቼው ነው ኬኬን የቆረስኩት።»

ከጓዳ የእስከዳር ሬዲዮ ይሰማ ነበር፤ አሁን እሱም ጠፋ።

«ቁረጠው» አለች ፀደንያ። «እባክህ ጋሼ፣ እንደ ድሮው አድርገህ ስጠኝ። እማዬ አባባን እንደ መልአክ ነው የምታየው። ያለው እሱ ብቻ ነው በልቧ። ይሄን ብታይ ትሞትብኛለች።»

ይድነቃቸው አንገቱን ነቀነቀ። «አልችልም ልጄ። ካሴቱ ያንቺ ነው፣ ልስጥሽና ሌላ ሰው ይሥራልሽ። እኔ ግን ከእንግዲህ አልቆርጠውም።»

ተቆጥታ ወጣች። የመኪናዋን በር ስትዘጋ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ካሴቱን ግን አልወሰደችም።

አራት ቀን ሙሉ አልደወለችም። ይድነቃቸው መጋዘን ውስጥ ሲሠራ ፓሌት በሚሉት የእንጨት መደብ ላይ የተደረደረ የቲማቲም ጣሳ ሙሉውን ደፋ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። አለቃው ደህና መሆኑን ጠየቀው። «ደህና ነኝ» አለ። ደህና አልነበረም። ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር የሚመጣበት የአባትየው ፈገግታ ነበር፤ መዳፋቸው የልጁ ደረት ላይ ሲያርፍ የነበረው ያ ለስላሳ ፈገግታ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ።

«እማዬ ቤት ነኝ» አለች ፀደንያ። «ከእንግዲህ ልደብቃት አልችልም። ይዘኸው ና። ሙሉውን።»

እትዬ በለጥሻቸው በሩን ራሳቸው ከፈቱለት። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳውን ይዘው ነው የሚሄዱት። «ይድኔ! ይቺ ልጅ ሰርፕራይዝ አለኝ እያለች ቁጭ ብድግ ታሰኘኛለች፤ ምንድን ነው እሱ?»

«የሰርጉ ቪዲዮ ነው፣ እትዬ። አስተካክዬልዎት መጣሁ።»

«እሰይ! ያን የበርሜል ሰርግ አዳንከው በለኛ!»

ሳሎኑን ግማሽ የሚያክለው ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ፀደንያ ከእናቷ ሶፋ አጠገብ መሬት ላይ ኩርምት አለች። መጀመሪያ ላይ እትዬ በለጥሻቸው እንደ ልጅ ፈነደቁ። «አሁን ገና ሰው መሰልን! ወልዴን እይልኝ፣ ወገቡ ተመለሰለት!» አሉ። ቄሱን፣ ሚዜዎቹን፣ ያረፉትንና ያሉትን በየስማቸው ጠሩ። ይድነቃቸው ሪሞት ኮንትሮሉን ይዞ ኬኩን ይጠብቃል።

ኬኩ መጣ። ሴትየዋ ግን በመጀመሪያ ያዩት ቀኙን ነው።

«ያቺ እኔ ነኝ እንዴ? እሰይ፣ ጀርባዬ ብቻ!» ብለው ሳቁ። «ያን ቀሚስ የት እንዳደረስኩት እንጃ። እስቲ መልሰው፣ ልየኝ።»

መለሰው። ሁለተኛም ራሳቸውን ሲያዩ አለፈ። ይድነቃቸው ወደ ፀደንያ ተመለከተ። እሷ መሬት መሬቱን ታያለች።

«አንዴ ብቻ ድገምልኝ» አሉ እትዬ በለጥሻቸው፤ «እስቲ ልጄ ያን ጊዜ ምን...»

አልጨረሱትም።

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ። ግድግዳ ሳይዙ ተነሱ። ሦስት እርምጃ ተራምደው ቴሌቪዥኑ ጋ ደረሱና ጣታቸውን በግራ ጥግ ላይ አሳረፉ። በጣታቸው ሥር ልጃቸው ሳጥን አቅፎ ቆሟል።

«ያ ማነው?» አሉ። 

ጣታቸውን ሳያነሱ ዞር አሉ።

«ይድነቃቸው፣ ያ ማነው ነው የምልህ!»

«ባሮክ ነው፣ እትዬ።»

«መጥቷል?»

«መጥቶ ነበር።»

ከዚያ ባላቸው ብቅ አሉ። እትዬ በለጥሻቸው የመዳፉን ማረፍ፣ የጆሮውን ሹክሹክታ፣ የክንዱን መያዝ ከአንድ ስንዝር ርቀት ተመለከቱ። «ወዴት ነው የሚወስደው?» አሉ ነገሩ እንዳልገባው ሰው። «ወልዴ፣ ወዴት ነው የምትወስደው? እኔ እዚህ አይደለሁ እንዴ! ዞር ብል... አንዴ ዞር ብል...» የራሳቸውን ጀርባ በእጃቸው ማያ ገጹ ላይ መቱት። «ዙሪ አንቺ! ምን ያደነቁርሻል!»

በሩ ተዘጋ። ይድነቃቸው ምስሉን አቆመው።

«ድምፅ አለው? ምን እንዳለው ይሰማል?»

«የለውም፣ ሙዚቃው ብቻ ነው።»

ፀደንያ በጉልበቷ ወደ እናቷ ሄዳ ቀሚሳቸውን ያዘች። «እማዬ፣ አይቼው ነበር። አስምሎኝ ነው። እማዬ...» ተንተባተበች። እትዬ በለጥሻቸው ቁልቁል ተመለከቷት። ሊመቷትም ሊያነሷትም የሚችሉ የሚመስል አተያይ ነበር፤ ሁለቱንም አላደረጉም። ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ከእጇ አስለቀቁ።

«እስኪሞት ስድስት ዓመት ከጎኔ ተኝቷል» አሉ፤ ለማን እንደሆነ አይታወቅም። «ማታ ማታ ለባሮክ ስጸልይ ‹አሜን› ይለኝ ነበር። አሜን ይላል!» ወደ ይድነቃቸው ዞሩ። «መኪና ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ሜልተን ውሰደኝ።»

ነጠላ እንኳ አልደረቡም። ፀደንያ አድራሻውን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው፤ እሷ ቀረች። በአውራ ጎዳናው ላይ መኪናው በዝቶ ነበር፤ የሥራ መውጫ ሰዓት ነው። መንገዱን አጋምሰው ካሮላይን ስፕሪንግስ ደረሱ። እትዬ በለጥሻቸው «በአፌ ነው የገደልኩት» አሉ። «ካልመጣ እናቱ አይደለሁም ብዬ። ወልዴ ይህን መሐላ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል።»

በሩን የከፈተችው ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረች። የእናቷ ቀጥ ያለ ጸጉር፣ የጋሼ ወልዴ ግንባር። አሮጊቷንና ሰውየውን አየችና ወደ ውስጥ «ዳድ! ሰምባዲ ኢዝ ሂር!» ብላ ሰው መምጣቱን ለአባቷ ጮኸች። እትዬ በለጥሻቸው የበሩን መቃን ያዙ።

ባሮክ ከሥራ ገብቶ ገና የሥራ ቦት ጫማውን አላወለቀም። እናቱን ሲያይ እንደ ተመታ ሰው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ።

«ማን ሞተ?» አለ። ሌላ ምክንያት አልታየውም።

«መጥተህ ነበር» አሉ እናቱ። «ለሰርጉ መጥተህ ነበር። አሁን አየሁህ፤ በቪዲዮ። አባትህ ምንድን ነው ያለህ? ጆሮህ ላይ ምን አለህ?»

ባሮክ ወደ ይድነቃቸው፣ ከዚያ ወደ እናቱ አየ። «አንቺ ያልሽውን ነዋ» አለ። «‹እናትህ ዛሬ ዓይንህን ማየት አልፈልግም ብላለች፤ ቀና ብለህ እያት፣ ጀርባዋን ሰጥታሃለች› አለኝ። ቀና ብዬ አየሁሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ነበር።»

እትዬ በለጥሻቸው የበሩን መቃን ለቀቁ። ይድነቃቸው ክንዳቸውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም፤ እሳቸው የበሩ ደፍ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ባሮክም ሮጦ አላነሳቸውም። እሱም ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ተንሸራቶ ቁጭ አለ። ሁለቱም መሬት ላይ፣ አንዱ ከደጅ አንዱ ከውስጥ።

«አላልኩም» አሉ እናቱ። «ሆዴ ይቀደድ፣ አላልኩም። እልል ስል ነበር እኮ። ምን መምጣትህን አውቄ!»

«አላልሽም?»

«አላልኩም!»

«ታዲያ ለምን አልደወልሽልኝም? አንዴ! ዘጠኝ ዓመት!»

«አንተስ ለምን መጥተህ አልሰደብከኝም? ብትሰድበኝ እኮ ይወጣ ነበር!»

ሊን ከውስጥ መጣች፤ የሚባለውን ባትሰማም የባሏን ፊት አይታ ነገሩ ገባት። ወንበር አምጥታ አሮጊቷን ደግፋ አስቀመጠቻቸው፤ ውኃም ሰጠቻቸው። እትዬ በለጥሻቸው የውኃውን ብርጭቆ ሳይሆን እጇን ይዘው ሳሙት። ልጅቷ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ትመለከታለች። ባሮክ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ይድነቃቸው በመስኮት አየው፤ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ በአጥሩ ላይ ተደግፏል። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። «እራት ትበያለሽ?» አላቸው እናቱን። ያን ቀን ለእናቱ የተናገራት ደግ ቃል ይህቺው ነበረች።

ይድነቃቸው ቪዲዮውን ለመጨረስ ሌላ ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ሥራውን ከመዝጋቱ በፊት እትዬ በለጥሻቸውን በስልክ ጠየቃቸው፤ ያን ቦታ ምን ያድርገው?

«ወልዴን ቆርጠህ አውጣልኝ ልልህ ነበር» አሉ። «ትናንት ፎቶውን ከግድግዳ አወረድኩት፤ ዛሬ ጠዋት መልሼ ሰቀልኩት። ነገ ምን እንደማደርገው አላውቅም። አንተ ግን ተወው፤ ማንንም አትቁረጥ። ይበቃል።»

ልደታቸው በሁለት ቦታ ተከበረ፤ ጠዋት ሜድስቶን ከፀደንያ ጋር፣ ከሰዓት ሜልተን። ባሮክ እህቱ ባለችበት አልቀመጥም አለ። እናትየው አላስገደዱትም። በየቅዳሜው በባቡር ሜልተን መሄድ ጀመሩ፤ በሰባ ዓመታቸው ቪላይን የሚባለውን ባቡር ሰዓት በቃላቸው ያዙ።

ጥር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሮክ ራሱ ዲስኩን ሊወስድ ይድነቃቸው ቤት መጣ። «ያን ቦታ አሳየኝ» አለ። ይድነቃቸው ከፈተለትና ወጥቶ ሊተወው ሲል «ተቀመጥ» አለው።

አንዴ አየው። ስለ አባቱ አንድም ነገር አልተናገረም። ጣቱን መሀሉ ላይ፣ ሙሽሪት ላይ አደረገ። «አይታኝ ቆረሰች» አለ። «ከእማዬ ይልቅ ይሄ ነው የገደለኝ።»

«ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር» አለ ይድነቃቸው። «በነጭ ቀሚስ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት።»

«እኔ ደግሞ ሃያ ሦስት።»

«ልክ ነህ። እኔም ሠላሳ ስድስት ነበርኩ፤ ካሜራውን ይዤ አጠገብህ ቆሜ አላየሁህም።»

ባሮክ ዞር ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው። ዲስኩን ኪሱ ከተተ፤ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ። «ፀዲ አሁን የት ነው የምትኖረው?» አለ፤ የማያገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው። ይድነቃቸው ዲስኩን መልሶ ተቀብሎ በሽፋኑ ጀርባ አድራሻውን ጻፈለት።

ከሰዓት በኋላ እስከዳርና እሱ ምሳ በልተው ሳይነሱ ስልኩ ጮኸ። ፀደንያ ነበረች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

«ጋሼ፣ ባሮክ ደጃችን ቆሟል። በመስኮት እያየሁት ነው። ደወሉን ሊጫን እጁን ያነሳና ይመልሰዋል። ምን ልበለው? ምን ብዬ ልጀምር?»

«እሱን በኋላ ታስቢዋለሽ» አላት ይድነቃቸው። «መጀመሪያ ክፈቺለት።»

ስልኩ ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማው፤ ከዚያ ወደ በሩ የሚሮጥ የእግሯ ኮቴ።